ተደራጊ ግስ

ኮትቡስ፣ የህዳር ማታ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ማዳመጫዬን ደፍቼ፣ ዝናቡን ሳልሰማ ሳላይ፣
የብሬዞቭን ስብሰባ ቃል በቃል እጽፋለሁ፤
ሳሉን "ሳል" እላለሁ፣
ዝምታውን በሰከንድ ለክቼ አሰፍራለሁ።

የእሳት አደጋ ጓዶች አዳራሽ ነው። ወንበር ይጎተታል።
ኢንጂነር ቴስከ ጉሮሮውን ጠርጎ ይናገራል፦
"መንደሩ ይነሳል፣ መሬቱ ይለቀቃል፣
የመቃብሩም ቦታ በክብር ይዛወራል።"

ጀርመንኛውን ለራሴ በህዳጉ ስመልሰው
ከግሱ ሥር አሰመርኩ፤ የታል የሚያነሳው ሰው?
ሰበረ ስንል እጅ አለ፤ ተሰበረ ስንል ግን
ስባሪው ብቻ ነው ያለ፣ ማን አየ ባለእጁን?
ደግሞ ይህቺ "ተ" ራሷ፣ የአድራጊው መጋረጃ፣
ነገን ስናወራ ትዋጣለች፣ ትጠፋለች ያለማስረጃ፤
ተለቀቀ ያልነው ትናንት፣ ነገ ይለቀቃል ሆነ፤
"ለ" ጠብቃ ከመነበቧ በቀር ዱካው ሁሉ ባከነ።

አባሪው ሥዕል ላይ ሐይቅ አለ፣ ሰማያዊ፣ ጀልባ ያለበት፤
"የወደፊቱ ሐይቅ" ይላል፤ ጉድጓድ የሚል ቃል የለበት።

ቤኖ ተራ ደረሰው፤ ሠላሳ ዓመት ከሰል የቆፈረ፣
ንግግሩን በ"እኛ" ከፍቶ በ"እኛ" የቋጠረ።
"እኛ ነን ይህን አገር ያበራን"፦ ኩባንያው። ቀይ እርሳስ።
"እኛን ማን ጠየቀን?"፦ መንደሩ። ሰማያዊ እርሳስ።
"እኛም እኮ መኖር አለብን" ሲል ድምፁ ወረደ፤
ለሦስተኛው "እኛ" ቀለም አጣሁ፣ እጄ እዚያው በረደ።

ሪከ ከላይፕዚግ መጥታለች፤ ቃሏ ትኩስ ነው፣ ይፈሳል፦
"ፕላኔቷ ታማለች፣ ትኩሳቷ በየዓመቱ ይብሳል።"
ህዳጉ ላይ ጻፍኩ፦ ምድር፣ በሽተኛ። ሐኪሙ ማነው?
"የአየር ንብረት" አሥራ ሰባት ጊዜ፤ ደግሜ ቆጠርኩት፣ ልክ ነው።
"ብሬዞቭ" አንድም ጊዜ የለም።
እውነቷን ነው ግን። ይህን የምጽፍበት ዓምድ የለኝም።

በአርባ ሦስተኛው ደቂቃ ወይዘሮ ዎርሻ ተነፈሱ፤
"አካባቢ" አላሉም፣ "ተፈጥሮ" አላሉም፣ ጉድጓዳቸውን አነሱ፦
"ቁፋሮው ከቀረበ ወዲህ ውሃው ይሸሸኛል፤
የባልዲዬን ገመድ ሦስት ጊዜ ቀጠልኩት። አሁንም ያጥረኛል።"

ከዚያ ዘጠኝ ሰከንድ፣ ምንም።

ከዚያ ቴስከ፦ "ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን። ሌላስ?"
ገመዱ አስተያየት ሆነ፤ በቃለ ጉባኤ ተያዘ፤
"ልዩ ልዩ" ከሚል ርእስ ሥር በአንድ መስመር ተጠረዘ።
እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ንግግር እርሳሴን ያልነካሁት
ያንን አንድ ግስ ብቻ ነው፤ "ቀጠልኩት"።

ፕሮፌሰሬ ሂልትሩድ ትላለች፦ ዝምታም ተናጋሪ አለው፤
የራሱን መስመር ስጪው፣ የማን እንደሆነ ጠይቂው።
መስመር አራት መቶ አሥራ ሁለት። ሰጠሁት።
ጠየቅሁት።

ከዚያ የራሴን ረቂቅ ገለጥኩ፣ ስለ ዘዴው የሚያትተውን፤
"ድምፅ ተቀዳ፣ ጽሑፍ ተዘጋጀ፣ ተተነተነ" የሚለውን።
ማነው የተነተነው? የቀዳውስ? የታለች እጄ?
"ቀዳሁ" አልኩ፣ "ለካሁ" አልኩ፣ በራሴ ላይ ፈርጄ።
የጠረጴዛ መብራቴም አልበራም፤ እኔ ነኝ ያበራሁት፣
በዚያው ከሰል፣ ከመንደሩ ሥር በሚወጣው፣ በማላሸተው፣ በማልነካው።
ቤኖ፣ ቀለም ያጣሁለት ያ ሦስተኛው "እኛ"ህ፣
ምናልባት አለሁበት፤ አንተ ግን እኔን አላሰብክም፣ ሚስትህን ነው ያልክ፣ ልጅህን ነው ያልክ፣ የቤት ዕዳህን።

እኩለ ሌሊት። ዘጠኙን ሰከንድ መልሼ መልሼ ሰማሁ፤
በስድስተኛው ላይ አንድ ነገር ይንቋቋል፣ ምንነቱን ሳልለይ ቀረሁ።
በቅንፍ ጻፍኩት፦
(ወንበር? ጉልበት?)